ፐብሊክ ሌክቸር ሲዘጋጅ ተማሪውም የከተማው ሰውም በፈቃዱ መጥቶ እንዲናገር ምን ይደረግ?

ጠያቂ፦ የመድረክ አስተባባሪ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በጎጃም ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ፐብሊክ ሌክቸርና የተማሪዎች መርሐ ግብሮችን ከሚያስተባብሩት ሰዎች መካከል ነኝ። የተቋሙን ስም አልጠቅስም፤ ከሌሎች ግቢዎች ካሉ ባልደረቦቼ ጋር ስንነጋገር ተመሳሳይ ችግር እንዳለባቸው ስለሚነግሩኝ ስሙ ለጥያቄው የሚጨምረው ነገር የለም።

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ስለ አፈር አሲዳማነት ገለጻ አዘጋጅተን ነበር። ርእሱ የጎጃም ደጋ ገበሬ በየዓመቱ በማሳው ላይ የሚያየው ችግር በመሆኑ ሰው ይመጣል ብለን ገመትን። አዳራሹ በእርግጥ ሞላ፤ የሞላው ግን ከክፍል ተነሥተው እንዲመጡ በታዘዙና የመገኘታቸው ፊርማ በወረቀት ላይ በሚሰበሰብባቸው ተማሪዎች ነበር። የክብር እንግዳው እስኪደርሱ አንድ ሰዓት ያህል ከተጠበቀ በኋላ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግርና ሌላም መልእክት ተከታተሉ። ገለጻ አቅራቢው መምህር ጥናታቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ሆኖም ስላይዳቸው በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከመሆኑም በላይ የቀራቸው ጊዜ ስላጠረ ከመካከሉ እየዘለሉ ለማለፍ ተገደዱ። ከኋላ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ደርበው የተቀመጡ ከገጠር የመጡ አንድ አባት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትዕግሥት አዳምጠው እጃቸውን ሲያወጡ፣ መድረክ መሪው ሰዓቱ በማለቁ ጥያቄያቸውን በሻይ ሰዓት እንዲያቀርቡ ነገሯቸው። ሻይ ሲቀርብ ግን ገለጻ አቅራቢው ከእንግዶቹ ጋር ወደ ሌላ ክፍል ገብተው ነበር፤ አባትም ትንሽ ቆመው ከጠበቁ በኋላ ወጥተው ሄዱ።

ይህ እንዳይደገም የምር እፈልጋለሁ። ተማሪው ፊርማ ሳይሰበሰብበት፣ የከተማውና የገጠሩ ሰው ደግሞ እንግዳ ሆኖ ሳይሆን ባለጉዳይ ሆኖ የሚገኝበትን መድረክ ለማዘጋጀት ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ቋንቋውንና የመድረክ አመራሩን እንዴት ብናደርገው ይሻላል? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ወይም እንደ ታዳሚ የታዘባችሁትን ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ዘጎንጂ

ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ ከልብ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመግባቴ በፊት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። በቅድሚያ መናገር የምፈልገው የጎጃም ሰው ከባድ ንግግር ማዳመጥና መመዘን ያልለመደ ሰው አለመሆኑን ነው። ዋሸራ፣ ጎንጂ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስን የመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ባሉበት አገር አድማጭ አጣን ማለት ያስቸግራል።

የቅኔ ቤቱን አሠራር ያነሣሁት ለታሪክ ብዬ አይደለም፤ ለእርስዎ ጥያቄ የሚሆን ነገር ስላለው ነው። ተማሪው ቀኑን ሙሉ በየዛፉ ሥር ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በአእምሮው ሲያዘጋጅ ውሎ ወደ መምህሩ ሲመለስ የቆጠረውን የሚናገረው በጓደኞቹ ፊት ነው። መምህሩም ሁሉም እየሰማ ያርመዋል፤ ሰዋስዉ ከተሳሳተ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተገናኘ፣ ቤቱ ማለትም ስንኙ ከጎደለ ወዲያው ይነገረዋል። በማኅሌት ላይ ቅኔ ሲቀርብ ደግሞ ያማረ ከሆነ ሊቃውንቱ «ይበል!» እያሉ ይቀበሉታል፤ ካላማረ ዝምታቸው ራሱ ፍርድ ነው። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ለጆሮ የሚቀርብ እንጂ ከሰሚው ተለይቶ የሚቆም ቅኔ የለም። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የማየው ግን ሰሚው እንዲቀመጥ እንጂ እንዲመዝን አለመጠራቱን ነው። ታዳሚው እንደማይጠየቅና እንደማይጠይቅ ካወቀ ለምን ይመጣል?

ስለዚህ አንድ ነገር ልምከርዎ፤ ጥያቄውን ወደ መጀመሪያው ያምጡት። ገለጻው ከመጀመሩ በፊት ከታዳሚው አምስት ስድስት ጥያቄ በቃል ተቀብለው በሰሌዳ ላይ በትልልቁ ያስጽፉ፤ አቅራቢውም ያዘጋጁትን ሲያቀርቡ የትኛውን ጥያቄ እንደመለሱና የትኛው እንደቀረ እያሳዩ ይሂዱ። በዚህ መንገድ ጊዜ ቢያጥር እንኳ የሚቆረጠው ከገለጻው ይሆናል፤ ከሰው ጥያቄ አይሆንም።

ቀኑን በሚመለከት የቤተ ክርስቲያኑን አቆጣጠር ሳያዩ መርሐ ግብር አይያዙ። በየወሩ በ12፣ በ21ና በ27 የአካባቢው ሰው የሚነግሠው ታቦት ወይም የሚያጠጣው ማኅበር ይኖረዋል። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴ የሚወጣው ወደ 9 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ የሚጠሩት አስቀዳሽ አይመጣልዎትም። የገበሬውን ነገር ካሰቡ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት ሰርግ ቢበዛባቸውም ለገበሬው ፋታ የሚገኝባቸው ናቸው።

በእኛ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ማለት ከደጀን ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ወደ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ አዲስ አበባ መግባት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በሚባለው ሥርዓት አንድ ዓመት ሊያስተምሩ ወደየክፍለ ሀገሩ ይላኩ የነበሩት ተማሪዎች ወደ እኛም መጥተው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክርክር ያካሂዱልን ነበር፤ የከተማው ሰው በመስኮት ሳይቀር ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ዛሬ ባሕር ዳር የፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራም ተከትለው ከተከፈቱ ወዲህ፣ ዩኒቨርሲቲው ደጃችን ድረስ መጥቷል። ሰው ያን ጊዜ በመስኮት ያዳምጥ የነበረውን ዛሬ በሩ ተከፍቶለት ሳይገባ ከቀረ ምክንያቱን በመድረኩ ላይ መፈለግ ይገባል እላለሁ።

የከተማዋ ነዋሪ

መምህራችን በሩ ተከፍቷል ማለታቸውን በአክብሮት ማረም እፈልጋለሁ። በሩ አልተከፈተም። ስለ ሕፃናት አመጋገብ የሚሰጥ ገለጻ አለ ሲባል ሰምቼ ከጎረቤቴ ጋር ሄጄ ጥበቃዎቹ የግቢ መታወቂያ ጠይቀው፣ የሚያስገባንም ሰው ጥሩ ብለው መልሰውናል። ጥበቃዎቹ የታዘዙትን ስለሠሩ አልወቅሳቸውም፤ ዝግጅት እንዳለ ግን ማንም አልነገራቸውም ነበር። ማስታወቂያው የሚለጠፈውም ከበሩ ወደ ውስጥ ነው፤ በግቢው የቴሌግራም ቻናል ላይ ቢወጣም እኛ ቻናሉ ውስጥ የለንም።

በዕድራችን ጥሩንባ ቢነገር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰበካ ጉባኤው በኩል ቢታወጅ፣ በጤና ጣቢያውና በወፍጮ ቤቱ በር ላይ አንድ ወረቀት ቢለጠፍ ሰው ያውቃል። ሰዓቱ ደግሞ ከ11 በኋላ ከሆነ እናቶች አንመጣም፤ እራት አለ፣ ከብትም የሚገባው ያን ጊዜ ነው፣ መሽቶ ለመመለስም አሁን ባለው ሁኔታ የሚደፍር የለም። ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ በፊት ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመቸናል።

የሰብልና የአፈር ባለሙያ

በጥያቄው የተነሣው ርእስ የሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያ ገለጻ ባግባቡ ቢቀርብ ኖሮ እንዴት ሊቀርብ ይችል እንደነበር ብጽፍ ለሌሎችም ርእሶች ይጠቅም ይሆናል።

የነገሩ ፍሬ ሐሳብ በአማርኛ በአጭሩ የሚነገር ነው። በደጋማ ወረዳዎቻችን የሚጥለው ከባድ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል፤ ሰብሉ ከነገለባው ከማሳው ሲነሣና ዩሪያ ለብዙ ዓመታት በተከታታይ ሲጨመር ደግሞ አሲዳማነቱ ይብሳል። የአፈሩ ፒኤች (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ መብዛቱን የሚያሳይ ልኬት) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተያይዞ ስለሚቀር ገበሬው በስንት ድካም የገዛው ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ ይባክናል። መድኃኒቱ በዋናነት ኖራ ነው፤ ከመዝራት አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። እዚህ ድረስ ያለውን ለመናገር ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ስላይድም የግድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን የገለጻ አቅራቢው ብቻ አይደለም። እንደ አፈሩ ሁኔታ ለአንድ ሔክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ኖራ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ኖራ መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ በአህያ ጭኖ ማድረስ፣ በዚያም ላይ በዘር ወቅት ከሌላው ወጪ ጋር መሸፈን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ገበሬው ነው። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ገበሬው በደከመ መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፣ በመሬቱም ላይ እንደገና ሰብል ይዘራል። ዛፉ ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር የሚያስገባ መሆኑን እኛ እናስረዳለን፤ መሬቱ ከቆረጣ በኋላ ምን እንደሚያበቅል፣ ዛፉን በቅርብ ዓመታት በሽታ ሲያጠቃው ቤተሰቡ በምን እንደተደጎመ የሚናገረው ግን እርሱ ነው። ጋቢ የደረቡት አባት ሊሉት የፈለጉት ከዚህ አንዱን ሊሆን ይችላል፤ ባለመስማታችን የቀረብን እኛ ነን።

ስለ ቦታው ከተጠየቅሁ፣ እንዲህ ያለው ርእስ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሳይሆን በቀበሌው የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ቢካሄድ እመርጣለሁ። ተማሪዎቹ በግቢው አውቶቡስ ወደዚያ ይምጡ። ገብስ በሁለት ዕቃ ላይ ዘርተን አንዱን ኖራ በተጨመረበት፣ ሌላውን ባልተጨመረበት አፈር ካበቀልን በኋላ ሁለቱንም ነቅለን፣ ሥራቸውን በውኃ አጥበን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አጥሮና ወፍሮ የቀረው ሥር ማንም ሳያስረዳው ለሁሉም ይታያል። አንድ መቶ ስላይድ የማይሠራውን ያ ይሠራዋል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

እኔ በግቢያችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ውስጥ እሠራለሁ፤ በተማሪው በኩል ያለውን ልናገር።

ፊርማው ይቅር። ተማሪው ለፊርማ ሲመጣ ፈርሞ በጓሮ በር ይወጣል፤ የሚቀረውም ስልኩን ይነካካል። እኛ የግጥም ምሽት ስናዘጋጅ ማንም ሳያስፈርም አዳራሹ ሞልቶ በደረጃው ላይ የሚቀመጡት ይበዛሉ፤ ምክንያቱም የሚያቀርበው የዶርም ጓደኛቸው ነው፣ ግጥሙ ካላማረም ማጉረምረም ይችላሉ። ዘጎንጂ ስለ ቅኔ ቤት የጻፉት ከዚህ ጋር ይገጥማል። መምህሮቻችን እንደሚነግሩን በ1950ዎቹ በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኮሌጅ ቀን ተማሪዎች የጻፉትን ግጥም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሳይቀር ያነቡ ነበር። ያን መድረክ ትልቅ ያደረገው ተማሪው ራሱ የሚናገርበት መሆኑ ይመስለኛል።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ፐብሊክ ሌክቸር ከመካሄዱ ከሳምንት በፊት የክርክር ክበቡ በዚያው ርእስ ላይ እንዲከራከር ይፈቀድልን፤ ያን ጊዜ ተማሪው የሚጠይቀውን ይዞ ይመጣል። መድረኩንም አንድ ተማሪ ከአንድ መምህር ጋር ይምራው። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ካፌ እራት ስለሚቀርብ በዚያ መካከል የሚጀመር መርሐ ግብር ላይ ተማሪ መጠበቅ አይቻልም፤ ተሰልፎ ካልበላ ጾሙን ያድራል፣ ከግቢ ወጥቶ የሚበላበት ገንዘብም ብዙዎቻችን የለንም። የፈተና ሳምንትም እንዲሁ ነው።

ስለ ቋንቋ ግን ከባለሙያው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በግቢያችን በምደባ ከኦሮሚያ፣ ከደቡብ፣ ከሶማሌና ከሌላም አካባቢ የመጡ ተማሪዎች አሉ፤ አማርኛን ለመግባባት ያህል ቢናገሩም ስለ ሳይንስ በአማርኛ ሲወራ የሚያመልጣቸው ብዙ ነው። ስላይዱ ፈጽሞ ከቀረ እነርሱ የሚከተሉት ያጣሉ። ንግግሩ በአማርኛ፣ በስላይዱ ላይ ያለው ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ ቢሆን ማንም አይቀርም።

ጠያቂ፦ የመድረክ አስተባባሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ በሩ የጻፉት እህታችን ያሉት ነገር አሳዝኖኛል፤ ከሚቀጥለው ዝግጅት ጀምሮ ለጥበቃ ክፍሉ አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፋል፣ በበሩም ላይ ሰው የሚቀበሉ የበጎ ፈቃድ ተማሪዎች ይቆማሉ። የቋንቋውን ነገር ተማሪው እንዳለው እናደርጋለን። ክርክሩን በተመለከተ ከተማሪዎች ኅብረት ጋር ተነጋግሬ ፈቃድ ተገኝቷል። በጀቱም ቢሆን የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲ ተልእኮ አድርጎ ስላስቀመጠው፣ ለባነርና ለአበል የሚወጣው ተቀንሶ ለአውቶቡስና ለሻይ ዳቦ እንዲውል ጥያቄ አቅርቤአለሁ።

የቀረኝ የክብር እንግዶች ነገር ነው። ኃላፊዎችን ሳንጋብዝ መቅረት አንችልም፤ ከተጋበዙ ደግሞ ንግግር ሳይሰጣቸው መቅረቱ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ይህን በምን መልኩ ብናደርገው ክብራቸውም ሳይነካ የሰው ጊዜም ሳይበላ ይቀራል?

ዘጎንጂ

ክብር የሚነሣው ስፍራ ሲነፈጉ ነው፤ ስለዚህ ስፍራውን አይንፈጓቸው፣ ቦታውን ግን ይቀይሩት። በመክፈቻው ላይ መድረክ መሪው ስማቸውንና ሥልጣናቸውን በሚገባ ጠርተው ያስተዋውቋቸው፤ ንግግራቸው ግን ከጥያቄው በኋላ ይሁን። ገበሬው «ኖራ በጊዜው አልደረሰልንም» ብሎ ሲጠይቅ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ተነሥተው የሚመልሱት መልስ ከማንኛውም የመክፈቻ ንግግር የሚያስከብራቸው ይሆናል። በመጋበዣ ደብዳቤው ላይ «ከታዳሚው ለሚነሡ ጥያቄዎች ምላሽ እንዲሰጡልን» ብለው አስቀድመው ይጻፉላቸው፤ ሳይነገራቸው መጥተው እንዳይቸገሩ። የሚዘገይ እንግዳ ካለም አይጠብቁ፤ በሰዓቱ ይጀመር፣ ሲደርሱ በክብር ይቀመጣሉ።

የሰብልና የአፈር ባለሙያ

ቀኑ ከተቆረጠ እኔ በነጻ እመጣለሁ፤ የእጅ ፒኤች መለኪያም ይዤ እመጣለሁ። ማስታወቂያው ሲነገር ገበሬው ከየማሳው አፈር ይዞ እንዲመጣ አብሮ ይነገርልን። አፈሩ ከማሳው ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከስምንት እስከ አሥር ከሚሆኑ ቦታዎች፣ ላዩ ላይ ያለው ቅጠልና ገለባ ከተጠረገ በኋላ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ማለትም አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ ይወሰድ። ሁሉም በንጹሕ ዕቃ ከተደባለቀ በኋላ ከእርሱ አንድ ኪሎ የሚያህል በፌስታል ይያዝ። ፍግ ወይም አመድ ተከምሮበት ከነበረ ቦታ፣ ከአጥር ሥርና ከዛፍ ጥላ የተወሰደ አፈር ውጤቱን ስለሚያዛባ አይወሰድ። በፌስታሉ ላይ ማሳው የሚገኝበት ቦታና ባለፈው ክረምት የተዘራበት ሰብል ቢጻፍ ለእያንዳንዱ ሰው እዚያው ውጤቱን ነግረን፣ ለማሳው የሚያስፈልገውን ኖራ አብረን ማስላት እንችላለን። ስሌቱን ደግሞ የእርሻ ክፍሉ ተማሪዎች ከየገበሬው ጎን ተቀምጠው ይሥሩት።